ኪራይ ነውር ነውን?

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ

ባለፈው ሰሞን ማታ ከምግብ አዳራሽ ስንወጣ አንድ የኤኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጃችን ከመንገድ መብራት ሥር አቁሞ ሒሳብ ሠራልን። «ኪራይ ማለት» አለ ጣቱን እያጠፈ፣ «በየወሩ ገንዘብን እሳት ውስጥ መጨመር ነው። የዛሬ ወጣት ሰነፍ ስለ ሆነ ይከራያል፤ ብልህ ቢሆን ኖሮ ሥራ በያዘ በማግሥቱ መቆጠብ ጀምሮ ቤት ይገዛ ነበር።» ከመካከላችን ሁለቱ ራሳቸውን በመነቅነቅ ተስማሙለት፤ አንዱ ሣቀ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና በቁጥር ክርክር ከእርሱ ጋር መግጠም አልደፈርሁም፤ ዝም ብዬ ወደ ዶርሜ ገባሁ። ነገር ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወዳጄ «ሰነፍ» ባለ ጊዜ በዐይኔ ላይ የመጣችብኝ ታላቅ እኅቴ ነበረች፤ እርሷ ደግሞ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ስንፍና የሚባል ነገር የማይነካት ሰው ናት።

እኅቴ ከዚሁ ከእኛ ግቢ ተመርቃ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነው። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የምትኖረው ከሾላ ገበያ ወዲያ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከባለቤቲቱ ቤት በስተኋላ ከተደረደሩት አራት የሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ነው። ክፍሉ አልጋና ጠረጴዛ ከያዘ በኋላ እንግዳ የሚቆመው በር ላይ ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን የሚሞላው በተራ ነው፤ የመብራት ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ስለ ሆነ ምጣድ የሚጣደው በፈቃድ ነው። ለዚህ በወር 6,500 ብር ስትከፍል ቆየች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ 8,000 ነው» ተባለች። ይህም የተነገራት በቃል ነው፤ ውል የሚባል ወረቀት በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም። ከደመወዟ ከግማሽ የሚበልጠው ለኪራይ ይሄዳል፤ ከቀረው ለእናታችን ትሰጣለች፣ ለእኔም የታክሲና የመጽሐፍ ትቆርጥልኛለች። ይህን የምጽፍበት ወረቀት እንኳ በእርሷ ገንዘብ የተገዛ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ እንደሚለው ትግዛ እንበል። በምን ትግዛ? ቤት ሠርተው የሚሸጡት ኩባንያዎች የሚጠሩት ዋጋ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ባንክ ደግሞ የሚያበድረው ደመወዝን አይቶ ነውና የመምህርን ደመወዝ አይቶ የሚያበድረው ገንዘብ ለቤቱ በር እንኳ አይበቃም። ትቆጥብ ይባል ይሆናል። ይህ የቁጠባ ምክር ጥሩ ምክር ነው፤ ችግሩ ገንዘቡ እስኪጠራቀም ድረስ ቆሞ አለመጠበቁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በነበረ ጊዜ ባንክ ለቆጣቢ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይቀበላል፤ አምና በመቶ ብር የገዛውን ዕቃ ለመግዛት ግን ከ130 ብር በላይ ያስፈልገዋል። ታዲያ ገንዘቡን እሳት ውስጥ የጨመረው የትኛው ነው? ተከራዩ ቢያንስ ለከፈለው ብር አንድ ወር ሙሉ ጣራ ሥር አድሯል፤ ቆጣቢው የተረፈው ደብተር ብቻ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ስለዚህም ቤት የሚገዛው ሊኖርበት አይደለም፤ ብሩን ሊያስቀምጥበት ነው። ማታ ማታ በአዲሶቹ ሰፈሮች ስታልፉ ወደ ላይ ቀና በሉ፤ ስንቱ ፎቅ ነው መስኮቱ ጨለማ የሆነው! ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ለፍቶ ያገኘውን ይዞ «ለነገ ይሁነኝ» ብሎ አንድ ቤት በሚገዛው ወገናችን ላይ አልፈርድም፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገሩ ግን ቤት የገንዘብ ሣጥን በሆነበት ከተማ ቤትን ለመኖሪያ የሚፈልግ ወጣት ዋጋውን የሚሻማው ሣጥን ከሚፈልጉት ሁሉ ጋር ነው።

የቀረው ዕጣ ነው። ኮንዶሚኒየም ለብዙ ሰው ቤት ሰጥቷልና ይህን መካድ ነውር ነው። እናታችን አምስት ልጆች ባሳደገችበት የቀበሌ ቤት እየኖረች በ2005 ዓ.ም. በ20/80 ተመዝግባ ስትቆጥብ ኖራለች። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ዕጣ ወጣ በተባለ ጊዜ የአንዲት ጎረቤታችን ስም ወጣ፤ ዕልልታው ቀለጠ፣ ቡና ተፈላ፣ ሰፈሩ በሙሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊላት ገባ። ጥቂት ቀን ሳይቆይ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም ገብቶ ስለ ተገኘ ዕጣው ተሰረዘ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲወጣ የጎረቤታችን ስም አልነበረበትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቤት ስታወራ ሰምቼያት አላውቅም።

ለእኛ ለዛሬዎቹ ተማሪዎች ግን ይህ ኀዘን እንኳ የሩቅ ነው። የ2005ቱ ምዝገባ ሲካሄድ እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንደዚሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ሰፊ ምዝገባ አልተከፈተልንም። ተመዝግቦ ደርሶት ቁልፍ የተቀበለው እንኳ ብዙ ጊዜ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ ያለውን ቤቱን አከራይቶ፣ ለሥራው ቀረብ ባለ ቦታ ራሱ ተከራይቶ ይኖራል። ባለቤት ሆኖም ተከራይ ነው ማለት ነው! ወዳጄ ይህን በየትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚጽፈው ሒሳቡን ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የምናወራው ስለ ምርጫ አይደለም። ከመካከላችን አብዛኛው ሰው ከዶርም ወጥቶ በኪራይ ይኖራል፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመትም አይደለም፤ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቶ በኪራይ ይኖራል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ አይደለም። የሚቆጨኝ፣ ሁላችንም ይህን እያወቅን ኪራይን የመንገድ ዳር መጠለያ አድርገን ማየታችን ነው። ዝናብ እስኪያባራ የተጠለለ ሰው ጣራው ቢያፈስ አይከራከርም፤ «አሁን እሄዳለሁ» ይላል። እኅቴ በዚያች ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር አልመታችም። ለምን ብዬ ብጠይቃት «የሰው ቤት አይደል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ፤ ከትምህርቴ የማገኘው ጥቅም ይኸው ብቻ ነውና። አማርኛችን ትዳር መያዝን «ጎጆ መውጣት» ይለዋል። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» እንለዋለን፤ እርሱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ለተከራየ ሰው የሚባል ምርቃት ግን የለንም። ዕቃውን በጋሪ ጭኖ አዲስ ኪራይ ቤት የሚገባ ሰው «እስኪያልፍ ነው» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ለበሽተኛ የሚባል ነገር ነው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ «ቤት አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ጠባዩ እንዴት ነው?» ቀድሞ ይመጣል። በዚህ ዓይነት ነውር ሲያደርጉት ያደገ ልጅ ተከራይ ሲሆን አንገቱን ደፍቶ ነው፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ «ውል እንጻፍ» አይልም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም ለማለት ሳይሆን እንዴት እዚህ እንደ ደረስን ለማሳየት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ልሂድ። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ወጡ፤ ይህን ታሪክ ሁላችንም እንኮራበታለን። በዐሥር ዓመቱ፣ ሐምሌ 1967 ዓ.ም.፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይዞ ሌላው ተወሰደ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆነ፤ የድኻው ኪራይ ተቀነሰ፤ በግል ማከራየት ተከለከለ። ብዙ ድኻ በዚያን ቀን ዕፎይ ብሏል፤ እናታችን እስከ ዛሬ የምትከፍለው የቀበሌ ኪራይ ከአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ያነሰ ነው። ነገር ግን ኪራዩ በዚያው በቆመበት ቀረና ጣራ የሚጠገንበት ገንዘብ ጠፋ፤ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ሰው ለዓመታት አልተገኘም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ሲመለስ ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በመጽሐፉ ውስጥ እንዳለ ሆኖ በየግቢው የሚሠራው ሕግ የደላላና የባለቤት ቃል ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር ዐዋጅ፣ ቁጥሩ 1320፣ ወጥቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ያደርጋል። ጭማሪም ባለቤቱ ጠዋት ሲነሣ በታየው መጠን ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው መሠረት እንዲሆን ይደነግጋል። ይህን በዶርማችን ላሉት ጓደኞቼ ባነሣሁ ጊዜ ከስምንታችን ሁለቱ ወሬውን ሰምተው ነበር፤ ያነበበው አንድም አልነበረም። ከእነርሱ አንዱ የሕግ ተማሪ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። የስፔን ኳስ ክለቦችን አሰላለፍ ከነተቀያሪው በቃሉ የሚያውቅ ትውልድ የሚያድርበትን ጣራ ሕግ ሳያነብ ከግቢ ይወጣል።

ዐዋጁ ፍጹም ነው አልልም። ወረቀት ክፍል አይሠራም። ለኪራይ የሚሆን ቤት ሳይበዛ ዋጋ ብቻ ቢታሰር፣ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ወይም «ለዘመድ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ይህን የኤኮኖሚክስ ወዳጄ ቢነግረኝ እቀበለዋለሁ። ስለዚህ የምንጠይቀው ዕጣ ብቻ መሆኑ ስሕተት ነው። «ለወጣቱ ቤት ይሰጠው» ማለት ቀላል ነው፤ «ለወጣቱ የሚከራይ ቤት ይሠራለት» የሚል ግን እምብዛም አልሰማሁም። መንግሥት ቤት ማከራየት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀድሞው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ወራሽ የሆነው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ዛሬም ያከራያል። በጀርመን አገር ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ በኪራይ ይኖራል፤ ሐኪሙም ፕሮፌሰሩም ተከራይ ነው፤ ሽማግሌ ሲላክም የሚያፍር የለም (ሽማግሌ መላክ እንደሌላቸው ዐውቃለሁ፤ ነገሩ ገብቷችኋል)። ይህ የሆነው ተከራዩ ሀብታም ስለ ሆነ አይደለም፤ በማለዳ ተነሥቶ «ውጣ» የሚለው እንደሌለ ስለሚያውቅ ነው።

ዐዋጁን ካነበብሁ በኋላ በአንድ ቅዳሜ እኅቴን ይዤ ወደ ባለቤቲቱ ሄድሁ። እትዬ ባላቸው የሞተ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የዘለለ ሴት ናቸው። መጥፎ ሰው አይደሉም፤ እኅቴ ታማ በተኛች ጊዜ አጥሚት አፍልተው ያስታመሟት እርሳቸው ናቸው። የጡረታው ብር አያኖራቸውም፤ የሚኖሩት ከአራቱ ክፍሎች በሚገኘው ኪራይ ነው። ጤፉ ሲጨምር እርሳቸውም ይጨምራሉ፤ ሌላ ምን ያድርጉ?

«እትዬ፣ ውል እንድንጽፍ ብለን ነው የመጣነው» አለች እኅቴ።

እትዬ የያዙትን ሲኒ አስቀመጡና አዩዋት። «ምን በደልሁሽ ልጄ?»

እኔ ጣልቃ ገብቼ ስለ ዐዋጁ ማስረዳት ጀመርሁ። በደንብ አላስረዳሁም፤ እንደ ሴሚናር አደረግሁት። እትዬ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝና እንዲህ አሉ፤ «አባቴ በላቡ የሠራቸው ሦስት ቤቶች ነበሩት። እኔ ያን ጊዜ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። መጥተው ቆጠሩ፤ ጻፉ፤ ከዚያ ትርፍ ነው ተባለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም፤ ዞሮ ነበር የሚሄደው። አሁን አንተ ደግሞ ውሰጅና አስመዝግቢ ትለኛለህ። ቀጥሎ ግብር አለ። ቀጥሎስ?»

መልስ አልነበረኝም። ዐዋጅ ቁጥር 47ን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ዓመቱንና አንቀጹን ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ። የእትዬን አባት ግን በፈተናው ላይ አልጠየቁኝም። ያን ዕለት የገባኝ ነገር ይህ ነው፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ሁለት ፍርሃት አጥር ሳይለያቸው ይኖራሉ። እኅቴ እትዬን ትፈራለች፤ እትዬ መዝገብን ይፈራሉ። ሁለቱም ስለሚፈሩ በቃል ይስማማሉ፤ በቃል ስለ ተስማሙ ሁለቱም እንደ ፈሩ ይኖራሉ። ውሉ ለተከራይ ብቻ የሚጠቅም መስሎን እንደ ጦር ይዘነው ብንሄድ እንደ እትዬ ያለ ሰው በሩን ይዘጋብናል፤ ደግሞም አይፈረድበትም። ስለዚህ ቀስ ብለን ሌላውን ወገን አሳየናቸው፤ ተከራዩ ሳይከፍል ቢቀር የሚጠየቅበት ወረቀት እንደሚኖራቸው፣ ኪራዩ በባንክ ስለሚገባ «ከፍያለሁ፤ አልከፈልሽም» የሚል ክርክር እንደማይኖር፣ ለሁለት ዓመት ባዶ ክፍል ይዘው ደላላ እንደማይፈልጉ ነገርናቸው። አንድ ሳምንት እንዲያስቡበት ጠየቁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ማኅበራችን ለተመራቂዎች በየዓመቱ የመሸኛ ዝግጅት ያደርጋል፤ ሙዚቃውም ጋውኑም መልካም ነው። እኔ የምለምነው ከዚያ ዝግጅት አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚህ እንዲሰጥ ነው። የሕግ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን ዐዋጁን በተራ ሰው አማርኛ ያስረዱን፤ አንድ የውል ናሙና በዚሁ ማባዣ ተባዝቶ ከግቢ ለሚወጣ ሁሉ ይታደል። ለአከራዮችም የሚነበብ አንድ ገጽ ይጨመርበት፤ እንደ እትዬ ያሉት ሰዎች የሚፈሩትን ጠይቀን የጻፍነው ይሁን እንጂ ከዐዋጁ የገለበጥነው አይሁን። ይህ ቤት አይሠራም። ነገር ግን ቤት እንዲሠራልን በአንድ ድምፅ ለመጠየቅ መጀመሪያ ራሳችንን ተከራይ ብለን ያለ ኀፍረት መጥራት አለብን፤ እስከ ዛሬ እያንዳንዳችን ለብቻችን «ነገ ባለቤት እሆናለሁ» እያልን ስለ ተቀመጥን የተከራይ ወገን የሚባል ነገር በከተማው የለም።

እትዬ በሦስተኛው ሳምንት «ይሁን» አሉ። ወረዳ ድረስ አብረን ሄድን፤ ሰልፉ ረዥም ነበርና ለእርሳቸው ወንበር ለመንንላቸው። በ7,500 ብር ለሁለት ዓመት ተፈራረሙ። ሠራተኛው ማኅተሙን ካሳረፈ በኋላ እትዬ «ይህን ወረቀት ማን ያስቀምጠዋል?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ለእርሳቸው፣ አንዱ ለእኅቴ መሆኑ ሲነገራቸው የራሳቸውን አጣጥፈው ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቀለሉት። ስንመለስ በመንገድ ላይ ብዙም አልተናገሩም። በሩ ጋ ስንደርስ ወደ እኅቴ ዞር ብለው «እንግዲህ ሁለት ዓመት ከሆነ ያንን ግድግዳ ቀለም ብታስቀቢው አልከለክልሽም» አሏት። በማግሥቱ እሑድ ቀለሙን ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምስማሩንም የመታሁት እኔው ነኝ።